የበረዶ ቤቱ ባለአደራ

ሔራን መንግሥቱ ዕጣው እንደወጣባት የሰማችው የሙሽራ ቀሚስ ወገብ እያጠበበች ሳለ ነው። ስልኳ መልእክቱን ጮክ ብሎ አነበበላት። ከፍርድ ቤት የሚመጣ መልእክት ተቀባዩ ዝም ሊያሰኘው አይችልምና መርፌዋን በጣቶቿ መሃል እንደያዘች እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። በተከሳሽ ባሮክ ይርጋ ንብረት ላይ ባለአደራ ሆና ተሹማለች። ሹመቱ የሚጀምረው በማግስቱ ማለዳ ነው።

በዚያ ዘመን አንድ ሰው በወንጀል ሲከሰስ ንብረቱም አብሮት ይያዝ ነበር። ምናልባት ነገ ጥፋተኛ ቢባልና የውርስ ትእዛዝ ቢወጣበት ንብረቱ እንዳይሸሽ ባለአደራ ይሾምበታል። የሚያዘው ሱቅ፣ መኪናና ቤት እየበዛ ሄዶ ፈቃድ ያላቸው አስተዳዳሪዎች አልበቃ ሲሉ ፍርድ ቤቱ ከነዋሪው በዕጣ መሾም ጀመረ። ዕጣው ውስጥ የሚገባው ወንጀል ያልሠራና የራሱ ቤት ያለው ሰው ነው። ሔራን ሁለቱንም ታሟላለች። ባሏ ከሞተ በኋላ በልብስ ስፌት ነው የኖረችው። ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ያለው ቤቷ በስሟ ነው፤ ልጇ ኖላዊትም አራስ ልጇን ይዛ አብራት ትኖራለች።

«እምቢ በያ» አለቻት ኖላዊት።

«እምቢ ማለት ያስከስሳል።»

«ታዲያ ሥራሽን ትተሽ ስትውዪ ማነው የሚከፍልሽ?»

«ከዚያው ከንብረቱ ነው የሚቆረጥልኝ።»

«ሰውየው ንጹሕ ሆኖ ቢገኝስ?»

ሔራን የመልእክቱን መጨረሻ ለማስታወስ ሞከረች። «እሱን አላነበበልኝም» አለች።

ንብረቱ ገንደ ቆሬ ውስጥ፣ ከደረቁ የደቻቱ ወንዝ ዳር ያለ በረዶ ቤት ነበር። የባሮክ አባት ግድግዳውን በወፍራም ድንጋይ ያሠራው ሰው ሁሉ በብሎኬት በሚገነባበት ጊዜ ነው። ከኋላ በረዶ የሚያወጣው ማሽን አለ፤ ከፊት ደግሞ አግዳሚ ወንበሮች የተደረደሩበት አዳራሽ። ባሮክ በረዶውን ለግመል ወተት ነጋዴዎች፣ ለጫት ነጋዴዎችና ለክሊኒኮች ይሸጥ ነበር። አዳራሹን ግን ሸጦት አያውቅም። ሙቀቱ ሰው የሚገድልበት ቀን ሲመጣ ከተማው ላይ የማስጠንቀቂያ ጩኸት ይለቀቃል። ያን ቀን ሰው «ቀይ ቀን» ይለዋል። በቀይ ቀን የሰፈሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ተደጋግፈው መጥተው አዳራሹ ውስጥ ይውላሉ፤ ዳማ ይጫወታሉ፤ ያንቀላፋሉ። አባትየው እንዲህ ነበር የሚያደርገው፤ ባሮክም እንደዚያው ቀጠለ።

ባሮክ የተከሰሰው ሽንሌ ካለው የፀሐይ ኃይል ማመንጫ መብራት ሰርቀው ይሸጣሉ ከተባሉ ሰዎች ጋር ነው። ዐቃቤ ሕግ እንደሚለው የማሽኑ መግዣ የተገኘው ከዚያ ነው። ባሮክ ደግሞ ከሰዎቹ ጋር የሚያገናኘኝ በረዶ መሸጤ ብቻ ነው ይላል። ጉዳዩ ለመሰማት ተራ ይጠብቃል።

የፍርድ ቤቱ መልእክተኛ ሔራንን በሩ ላይ አቆማትና መዳፏን ብረቱ ላይ እንድታሳርፍ ነገራት። በሩ ተከፈተ። የባሮክ ሚስት ቤዛ ሁለት ልጆቿን ይዛ ከጎን ቆማለች።

«ከዛሬ ጀምሮ በሩ የሚያውቀው እርስዎን ብቻ ነው» አላት መልእክተኛው።

ሔራን ዘወር ብላ ከኋላዋ ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ አየች። ድሬ ላይ እርስዎ የሚላት ሰው አልነበረም።

«ልጆቼ ቀዝቃዛ ውሃ ቢያምራቸውስ?» አለች ቤዛ።

«ባለአደራዋን ትጠይቂያለሽ» አላትና መልእክተኛው ሄደ።

ቤዛ በዚያ ማለዳ አላለቀሰችም። ጓዳዋ ከበረዶ ቤቱ ጋር በአንድ ግድግዳ ይገናኛል፤ መሃል ያለው ትንሽ በርም ሔራንን እንጂ እሷን አያውቃትም። ስለዚህ በየቀኑ ጎድጓዳ ሳህን ይዛ በውጭ በኩል ዞራ ትመጣና የራሷን በር ታንኳኳለች። ሔራን ስትከፍትላት ሳህኑን ትዘረጋለች። ሔራን የሚፈቀደውን ያህል በረዶ ታደርግላታለች። አንድ ቀን ለትንሽየዋ ልጅ ስባሪ ጨመረችላት። ልጅቷ ስትወጣ በሩ በለዘበ የሴት ድምፅ «ያልተመዘገበ ወጪ» አለ። ልጅቷ በረዶውን ከአፏ አውጥታ መለሰች። በቀጣዩ ቀን እናቷን ተከትላ አልመጣችም።

ሔራን የልብስ ስፌት መኪናዋን አዳራሹ ጥግ አምጥታ አስቀመጠች። ደንበኞቿ ግን ወደዚያ መምጣት አልፈለጉም። ሰው የታገደ ንብረት ውስጥ ገብቶ መታየት አይወድም። ቤዛ ብቻ አልፎ አልፎ በሩ ላይ ቆማ ስትሰፋ ታያታለች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የልጇን የትምህርት ቤት ሱሪ ይዛ መጣችና፣ «ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፤ ይሰፉልኛል?» አለቻት። ሔራን ሰፋችላት። ቤዛ አመሰገነቻትና ወጣች። አንቱታዋን ግን አልተወችም።

ከሔራን ጋር ወዲያው የተግባባችው እማማ ሶሊያና ናት። እማማ ሶሊያና ጉልበቷ እስኪደክም ድረስ ፀጉር ስትሠራ የኖረች ሴት ናት። የባሮክ እናት በወሊድ ስትሞት ሕፃኑን ወስዳ ያሳደገችው እሷ ነበረች። ከበረዶ ቤቱ ማዶ አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ቀይ ቀን ባይሆንም ማለዳ ማለዳ መጥታ ከውጭ፣ ግድግዳው ጥላ ሥር ትቀመጣለች። ጀርባዋን ድንጋዩ ላይ ታስደግፍና ቅዝቃዜው እንዲደርሳት ትጠብቃለች።

«አንቺ ባለአደራ» አለቻት አንድ ቀን። «ፀጉርሽን ማነው እንዲህ ያበላሸው?»

«እኔው ነኝ፣ እማማ።»

«ነይ ቁጭ በይ።»

ሔራን እግሯ ሥር ተቀመጠች። የእማማ ሶሊያና ጣቶች አርጅተዋል እንጂ አልረሱም።

«ስሜን ታውቂዋለሽ? ሶሊያና ነኝ። እኔ ስወለድ ዘመናዊ ስም ነበር፤ አያቴ መጥራት ያቅታት ነበር አሉ። አሁን ልጆቹ ሲሰሙት ይስቃሉ፤ የአሮጊት ስም ነው ይላሉ።»

«ቆንጆ ስም ነው።»

«ስሙስ ቆንጆ ነው፤ አብሮኝ አረጀ እንጂ።» ፀጉሯን እየጎነጎነች፣ «ባሮኬ አልሰረቀም» አለች። «እኔ ነኝ ያሳደግኩት። ቢሰርቅ ፊቱ ላይ ይታወቅ ነበር። አንቺ ታምኚኛለሽ?»

«እኔ ዳኛ አይደለሁም፣ እማማ።»

«አቦ ዳኛማ እንዳልሆንሽ አውቃለሁ። እንደ ሰው ነው የጠየቅኩሽ።»

ሔራን «አምንሻለሁ» አለቻት። እውነቷን ነበር።

የመጀመሪያው ቀይ ቀን ሲመጣ ጩኸቱ የተለቀቀው ገና ፀሐይ ሳትወጣ ነው። ሔራን በሩን ከፈተች። ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዳቸው መጡ። አንዳንዶቹ አዲስ ሰው በሩ ላይ ሲያዩ አመነቱ፤ እማማ ሶሊያና ግን «ግቡ፣ ግቡ፣ የኛው ናት» እያለች አስገባቻቸው። ቀኑን ሙሉ ዳማ ሲጫወቱ ዋሉ። ቤዛ ሻይ አፍልታ መጣች። ሔራን ከተሾመች ጀምሮ ደስ ብሏት የዋለችው የዚያን ዕለት ብቻ ነው።

በማግስቱ ከባለአደራዎች ጽሕፈት ቤት ተደወለላት። ግድግዳው ላይ ባለው የጥሪ መስታወት ውስጥ አንድ ፊቱ ደግ የሚመስል ወጣት ብቅ አለ።

«ትናንት በሩ ሙሉ ቀን ክፍት ነበር» አላት። «ሰዎች ገብተዋል። ንብረቱ ምን አገኘ?»

«አዛውንቶች ናቸው። ቀይ ቀን ነበር።»

«ይገባኛል። ንብረቱ ግን ምን አገኘ?»

«ምንም።»

«ባለአደራ የያዘውን ንብረት በነፃ መስጠት አይችልም። ነገ ለመንግሥት ሊወረስ ይችላል። እስከዚያው ደግሞ ከሚያስገባው ላይ የእርስዎ የድካም ዋጋ መከፈል አለበት።»

«የኔ የድካም ዋጋ ይቅር። ለእነሱ መግቢያ አድርጉት።»

ወጣቱ በትዕግሥት ራሱን ነቀነቀ። «መተው አይችሉም። ያለ ክፍያ የሚሠራ ባለአደራ ከተከሳሹ ወገን በጓሮ ተቀብሏል ተብሎ ነው የሚጠረጠረው። ይኼ ለእርስዎ መጠበቂያ ነው።»

«ከኪሴ ብከፍልላቸውስ?»

«ባለአደራ ከያዘው ንብረት ጋር መገበያየት አይችልም።»

«እና ምን ላድርግ?»

«የሚከፍል ይግባ፤ የማይከፍል አይግባ። ንብረቱ ከባከነ በቤትዎ ይጠየቃሉ። ቤትዎ ላይም ባለአደራ ይሾማል።»

ይኼንን የተናገረው ሐኪም መድኃኒት እንዴት እንደሚዋጥ በሚናገርበት ድምፅ ነው። ሔራን መስታወቱ ከጠፋ በኋላ አራስ የልጅ ልጇን አሰበች። ቤት ውስጥ ስትተኛ የምታሰማውን ትንፋሽ አሰበች። ከዚያ ተነሥታ የመግቢያው ዋጋ በሩ ላይ እንዲወጣ ፈቀደች።

ገበያው ግን እየቀዘቀዘ ነበር። የወተት ነጋዴዎቹ ስማቸው ከታገደ ንብረት ጋር እንዳይነሣ ፈርተው ሌላ ቦታ ሄዱ። የሚገባው ለሔራን የድካም ዋጋ አልበቃም። ንብረቱ መክፈል ሲያቅተው ፍርድ ቤቱ ራሱ ከንብረቱ ላይ እየሸጠ ይከፍላል። በመጀመሪያ በረዶ የሚያመላልሰው ባጃጅ ተሸጠ። ሊወስዱት ሲመጡ ቤዛ ደጃፏ ላይ ቆማ አየች።

«ይኼ ለማን ክፍያ ነው?» አለቻት።

«ለኔ» አለች ሔራን።

ቤዛ ልጆቿን ወደ ውስጥ አስገብታ በሯን ዘጋች።

ሁለተኛው ቀይ ቀን ከመጀመሪያው የባሰ ነበር። ከማለዳው ጀምሮ ንፋስ የሚባል የለም፤ የአስፋልቱ ሬንጅ ጫማ ይይዛል። የሚከፍሉት አዛውንቶች መዳፋቸውን በሩ ላይ እያሳረፉ፣ ዋጋው ከሒሳባቸው እየተቆረጠ ገቡ። የማይችሉት በሩ ላይ የወጣውን ዋጋ አይተው ተመለሱ፤ ልጆቻቸው ሌላ ቦታ ሊያደርሷቸው ተሸከሟቸው። እማማ ሶሊያና ዘግይታ መጣች።

«ክፍያ ነው አሉ?» አለች እማማ ሶሊያና ግድግዳውን ይዛ እየተነፈሰች።

«አዎ፣ እማማ። እኔ አይደለሁም ያወጣሁት።»

«አውቃለሁ።»

«ጡረታሽ ገብቷል? ዛሬን ብቻ ክፈይና ግቢ። በኋላ መላ እንፈልግለታለን።»

እማማ ሶሊያና ሳቅ አለች። «ልጄ ቤት ለመቀመጥ ከፍዬ አላውቅም። ባሮኬ ሲፈታ ምን እለዋለሁ? ቤትህ ከፍዬ ገባሁ ልበለው?»

ቤዛ ሰምታ ከጓዳዋ ወጣች። «እማማ፣ እኔ ልክፈልልሽ» አለችና መዳፏን በሩ ላይ አሳረፈች። በሩ «የታገደ ሒሳብ» አለ። እንደገና አሳረፈች። በሩ ያንኑ ደገመ።

«ተይው፣ የኔ ልጅ» አለቻት እማማ ሶሊያና። «ፎጣ አርጥቤ ራሴ ላይ አደርጋለሁ። ስንቱን ሙቀት አሳልፌያለሁ።»

ሔራን በሩ መሃል ቆማለች። ወደ ጎን አንድ እርምጃ ብትል አሮጊቷ ትገባ ነበር። በሩ ይመዘግባል፤ ወጣቱ በማግስቱ ብቅ ይላል፤ ሳቢያን ያለው ቤት በር ኖላዊትን ማወቅ ይተዋል። ይኼ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ጭንቅላቷ መጣ። እግሯን አላነሣችም።

«ጥላ ጥላውን ይዘሽ ሂጂ፣ እማማ» አለቻት።

እማማ ሶሊያና እጇን አውለብልባላት መንገዱን ተሻገረች።

በሥራ ሰዓት ባለአደራ ቦታውን ትቶ መሄድ አይችልም። ሔራን በመስኮቱ በኩል የአሮጊቷን በር ስታይ ዋለች። በሩ እንደተዘጋ ነበር። ሲመሽ ቤዛ እርጥብ ጨርቅ ይዛ ልታያት ሄደች። ሔራን ጩኸት አልሰማችም። ቤዛ መንገዱን ቀስ ብላ ተሻግራ፣ ጨርቁን እንደያዘች ተመልሳ መጣች። ፊቷ ላይ ሔራን ከዚያ በፊት አይታው የማታውቀው ነገር ነበር።

«ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነው ያገኘኋት» አለች። «ጀርባዋን በሩ ላይ ደግፋ። ለመክፈት መግፋት ነበረብኝ።»

ሔራን ልትይዛት እጇን ዘረጋች። ቤዛ ወደኋላ አለች።

«አንቺ ሴትዮ» አለቻት፤ አንቺ ስትላት የመጀመሪያዋ ነበር። «ሱሪ የሰፋሽልኝ ሰው ነሽ። እግርሽ ሥር ቁጭ አድርጋ ፀጉርሽን የሠራችሽን ሰው ነው በር ላይ የመለስሻት።»

በእርግጥ እግሯ ሥር የተቀመጠችው ሔራን ናት። ሔራን ግን ልታርማት አልደፈረችም፤ ቤዛም ምን እንዳለች የምታውቅ አይመስልም ነበር።

ባሮክ ለቀብሩ እንዲወጣ ቤዛ ጠይቃ ነበር። እማማ ሶሊያና በመዝገብ እናቱ ስላልሆነች አልተፈቀደም። ቀብሩ በማለዳ ተፈጸመ። ሔራን ከሰዎቹ ኋላ፣ ከአጥሩ አጠገብ ቆማ አየች። ማንም ሂጂ አላላትም፤ ማንም ነይ አላላትም። ሁሉም ከተበተኑ በኋላ ወደ መቃብሩ ቀረብ ብላ አፈሩን በእጇ ነካችው። ማለዳ ሆኖ እንኳ ትኩስ ነበር።

ቀጥሎ በመጣው ቀይ ቀን ሔራን በሩን ከፈተችና መዝጊያው እንዳይመለስ የልብስ ስፌት መኪናዋን እየጎተተች ወስዳ መሃል ላይ አቆመችው። በሩ «እንቅፋት» አለ። ደጋግሞ አለ። ሰው በገባ ቁጥር «ያልተከፈለ» ይላል። ሔራን መንገድ ላይ ወጥታ ሰዎችን በስማቸው ጠራች። የፈሩትን በክንዳቸው ይዛ አስገባች። ቤዛ መጀመሪያ ከደጃፏ ሆና ስታይ ቆየች፤ በኋላ መጥታ አንድ መንቀሳቀስ የማይችል ሽማግሌን በአንደኛው ብብት ደገፈች፤ ሔራን በሌላኛው። አዳራሹ ሞላ። ወለሉ ሞላ። በዚያ ቀን ገንደ ቆሬ ውስጥ የሞተ ሰው አልነበረም።

ማምሻውን መልእክተኛው መጣ። ሔራን መዳፏን አሳረፈች፤ በሩ አላወቃትም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በሥርዓቱ ሄደ። ሔራን ንብረት በማባከን ተከሰሰች። በበረዶ ቤቱ ላይ በዕጣ ሳይሆን ፈቃድ ያለው ባለአደራ ተሾመ። እሱም በጨዋነት ሠራ፤ ንብረቱ የሁለት ባለአደራ የድካም ዋጋ መሸከም እንደማይችል አስረዳና ማሽኑን አስነቅሎ አሸጠ። አግዳሚ ወንበሮቹ ተከተሉ። ቤዛ ልጆቿን ይዛ ጭሮ ወዳሉት ወላጆቿ ሄደች። ከሽያጩ የሔራን ድርሻ ወደ ሒሳቧ ገባ። መመለስ ፈልጋ ጠየቀች፤ ሒሳቧ እሷ ስትከሰስ ስለታገደ ገንዘቡም አብሮ ታግዷል ተባለች። የሳቢያኑ ቤቷ ላይ ናታን የሚባል ትሑት ወጣት ባለአደራ ሆኖ ተሾመ። የሱ የድካም ዋጋም የሚቆረጠው ከዚያው ሒሳብ ነበር። ኖላዊት ሕፃኗን ይዛ ወደ ባሏ ቤተሰቦች ሄደች። ስትወጣ እናቷን አቅፋ ረጅም ጊዜ ቆየች እንጂ አልወቀሰቻትም።

የባሮክ ተራ የደረሰው ማሽኑ ከተሸጠ በኋላ ነው። ችሎቱ አጭር ነበር። ሰዎቹ በረዶ ከመግዛት ውጭ ከእሱ ጋር ግንኙነት እንዳልነበራቸው ራሳቸው መሰከሩ። ዳኛዋ በነፃ አሰናበቱት። ቀጥለው ስለ ንብረቱ ያለውን አነበቡ። የውርስ ትእዛዝ የሚሰጥበት ምክንያት አልተገኘም። እግዱ ተነሥቷል። ከባለአደራዎች የድካም ዋጋ የተረፈው ንብረት ለባለቤቱ ይመለስ።

የተረፈው ግድግዳው ነበር።

ባሮክ ሳቢያን የመጣው በዚያው ሳምንት፣ በማለዳ ነው። ናታን በሩን ከፍቶ ማንነቱን ጠየቀው። ሔራን ድምፁን ሰምታ ወጣች። ከዚያ በፊት አይታው አታውቅም፤ ቤቱን ያስተዳደረችለትን ሰው ያየችው በፎቶ ብቻ ነው። ከፎቶው ይልቅ ከስቷል። ናታን ወንበር አቀረበላቸውና ወደ ጓዳ ገባ።

«ለቤዛ ደውዬላት ነበር» አለ ባሮክ። «እማማ እንዴት እንደሞተች ጠየቅኳት። ባለአደራዋን ጠይቃት አለችኝ።»

ሔራን እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

«በቀይ ቀን ነው አሉኝ» አለ። «እስር ቤት ሙቀቱ በበረታ ቁጥር እሷ ግን በረዶ ቤት ናት እያልኩ ነበር የምጽናናው። የሞተችበትንም ቀን እንደዚያ ስል ነው የዋልኩት።» ቀና ብሎ ጠየቃት። «ቤቴ ተዘግቶባት ነው?»

ሔራን ስለ ወጣቱና ስለ መስታወቱ ልትነግረው ትችል ነበር። ስለ መግቢያው ዋጋ፣ ስለ ኖላዊት፣ ስለ ሕፃኗ። እማማ ሶሊያና ራሷ አልከፍልም እንዳለችም ልትነግረው ትችል ነበር፤ ሁሉም እውነት ነው።

«እኔ ነኝ የመለስኳት» አለች። «በሩ ላይ ነበርኩ። ገለል ማለት እችል ነበር፤ አላልኩም።»

ባሮክ አጎንብሶ ወለሉን አየ። ናታን ከጓዳ ውስጥ ሳል አለ።

«ምን አለችሽ?»

«ልጄ ቤት ለመቀመጥ ከፍዬ አላውቅም አለች። አንተ ስትፈታ ምን እለዋለሁ አለች።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሔራን ልትነካው አልደፈረችም፤ ተነሥታ ልትወጣም አልደፈረችም። ለቅሶው እስኪበርድለት ድረስ አብራው ተቀመጠች።

«ይቅር ልልሽ አልመጣሁም» አለ በመጨረሻ። «ልሰድብሽም አልመጣሁም። ለማወቅ ነው የመጣሁት።»

«እሺ።»

«መቃብሯን ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ።»

ሔራን ክሷ እስኪታይ ድረስ ያለ ባለአደራው ፈቃድ ከቤት መውጣት ስለማትችል ናታን ፈቀደላት፤ ከእኩለ ቀን በፊት መመለስ እንዳለባትም ነገራት። በእግራቸው ሄዱ። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በር ላይ ሲደርሱ ሔራን በጣቷ አሳየችው፤ ከአጥሩ ሥር፣ ከደረቀው ዛፍ ቀጥሎ። እሷ ከበሩ አላለፈችም።

ባሮክ ብቻውን ገባ። ሔራን ከሩቅ ሲንበረከክ አየችው። ከዚያ ማየቱን ትታ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ፀሐዩ እየጠነከረ ነው። የበሩ ጥላ እየሸሸ እግሯ ላይ ሲደርስ ተጠጋች፤ እንደገና ሲሸሽ አልተከተለችውም። ሄዳ ቢሆን ኖሮ አይቀየማትም ነበር። ግን ቆመች።

ብዙ ቆይቶ ወጣ። ጉልበቱ አፈር ሆኗል፤ ዓይኖቹ ቀልተዋል። እዚያው ቆማ ሲያገኛት ትንሽ የደነገጠ መሰለ። ፊቷን አየ፤ ከግንባሯ የሚወርደውን ላብ አየ።

«ፀሐይ ላይ ነው እንዴ የቆምሽው?» አላት።

ላቧን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

ነጠላውን ከትከሻው አውርዶ ሰጣት። «ራስሽ ላይ አድርጊ» አለ። «ሩቅ ነው።»

ነጠላውን ተከናነበች። እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሆነው ወደ ሳቢያን የሚወስደውን መንገድ ያዙ።